በእንቅፋት ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

እንቅፋት መንገድ ላይ ተኝቶ የሰው አውራ ጣት የሚጠብቅ ድንጋይ ነው፤ እስከ ዛሬ የተያዘው ግንዛቤ ይህ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማ ድንጋዩን በነፃ ማሰናበት ነው።

በዘርፉ ያለው የዳኝነት ልማድ ለድንጋይ አያደላም። ሕፃን ሲወድቅ ቀድሞ የሚደረገው መሬቱን መምታት ነው፤ “ይሄ ነው የመታህ? እንካ! በለው!” ሕፃኑ ቅጣቱን አይቶ ዝም ይላል። ተከሳሹ ቃሉን አልሰጠም፤ ይግባኝም አልጠየቀ። ይኸው ሕፃን አድጎ፣ ደመወዝተኛ ሆኖ፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲሄድ እንቅፋት ሲመታው ዞሮ ድንጋዩን ይገላምጠዋል። አንዳንዱም ከነእናቱ ይሰድበዋል። ጥፋቱ የአስተዳደግ ነው።

የዓይን ምስክሮች ሁኔታም ትኩረት ይሻል። በአካባቢው ያሉ እናቶች ወዲያው “እኔን! እኔን ይድፋኝ!” ይላሉ። ጥያቄው በጣም ብዙ ጊዜ ቢቀርብም ዝውውሩ ተፈጽሞ አልታየም፤ የተደፋው ሰው እንደተደፋ ነው። ግራ እግር ነው ቀኝ እግር ብለው ገዳቸውን የሚመረምሩም አሉ፤ የተመታው እግር የትኛውም ይሁን፣ የተላጠው ጥፍር ያው ነው።

ወደ መንስኤው እንለፍ። ዳንኤል ሲመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ኳስ የሚቀባበሉ ሰዎችን ቪዲዮ አሳይተው ቅብብሉን አስቆጠሩ። በመሃል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን ደቅቶ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ጎሪላ ያላየ ዓይን ከመገናኛ ታክሲ ተራ አጠገብ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ እንዲያይ መጠበቅ ግፍ ነው። የእጅ አውራ ጣት ቪዲዮ ሲገፋ፣ የእግር አውራ ጣት ድንጋይ ይገፋል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ፕላቶ እንደሚተርከው ፈላስፋው ታሌስ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ጉድጓድ ገብቶ አንዲት አገልጋይ ስቃበታለች። ታሌስ ግን ቢያንስ የሚያየው ኮከብ ነበር። የጀርመኗ አውግስቡርግ በፈረንጆች 2016 አቀርቅሮ ለሚሄድ ሰው የትራፊክ መብራቱን መሬት ላይ ቀበረችለት። የአሜሪካዋ ሆኖሉሉ በ2017 ስልክ እያየ መንገድ የሚያቋርጠውን እግረኛ በመጀመሪያ ጥፋቱ ከ15 እስከ 35 ዶላር መቅጣት ጀመረች። እኛ ዘንድ ቅጣቱን የሚያስፈጽመው ድንጋዩ ነው፤ ደረሰኝ አይሰጥም እንጂ የሚያመልጠው የለም።

ቤት ውስጥ ያለው ጉዳይ አጭር ነው። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሰክታ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት “ምን እየሠራሽ ነው?” ስትባል “ምንም” ትላለች። ቢላዋው በጣትና በሽንኩርት መካከል ልዩነት የሚያደርገው ታይቶለት ነው። ከጎኑ የሚንተከተከው ሽሮ ደግሞ እንደ ውሃ ፈስሶ አይሄድም፤ የተፈናጠረበት ቆዳ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ያኔ ቅቤና የጥርስ ሳሙና የሚያቀብል ጎረቤት አይጠፋም። ሐኪሞች የሚመክሩት ግን የተቃጠለውን ቦታ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር መያዝን ነው፤ ሳምንታዊ ተራችሁ ደርሶ ውሃ ካለ ማለት ነው።

ስለዚህ ድንጋዩ ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ መሆኑ ስለተረጋገጠ በነፃ ተሰናብቷል። አንባቢም ስልክ ሲደወል ቢላዋውን ያስቀምጥ፤ መንገድ ላይ ከሆነ ዳር ይዞ ይቁም። ቆሞ ላወራም እየሄደ ላወራም የደቂቃው ሂሳብ አንድ ነው።