ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች

በጎ ፈቃደኛ ወደ ገጠር ሲወጣ ከቡድኑ አንድ ሪፖርት ጸሐፊ ይመረጣል። የምርጫው ሥነ ሥርዓት አጭር ነው። መሪው «እስክሪብቶ የያዘ አለ?» ይላል፤ አንዱ የዋህ ኪሱን ይዳብሳል፤ ይጨበጨባል፤ አለቀ። በሐምሌ ወር ወደ መንዝ የተጓዝኩት በዚህ ሹመት ነበር።

የተሰጠኝ ቅጽ አንድ ገጽ ነው። «የተከናወኑ ተግባራት» ለሚለው ርእስ የገጹ ሦስት አራተኛ ተለቅቆለታል። ከግርጌው «ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚል አለ፤ ሥሩ ሁለት መስመር። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው በክረምት ተራራ ወጥቶ እንደማያውቅ በዚህ ብቻ ገባኝ።

ሥራችን ሲያወሩት ቀላል ነው። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል አለው፤ እኛ መጽሐፍ አለን፤ መጽሐፉን ክፍሉ ውስጥ ደርድሮ ቤተ መጻሕፍት ማሰኘት ነው። መጽሐፉ አዲስ አበባ ውስጥ ከደጋግ ሰዎች ተለምኖ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ የኮስትሩ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ ሸራ ለብሷል። መጽሐፍ የሚለግስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚወደውን የሚሰጥና ቤቱን የሚያጸዳ። የመጀመሪያው ዓይነት አለ ሲባል እሰማለሁ።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ስለሆነ ወግ አይወጣውም። ወጉ የሚጀምረው ጣርማበር ላይ ነው። ወደ መንዝ የሚሄድ መኪና ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው ዋሻ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ግራ መታጠፍ አለበት። መታጠፊያውን ለማየት ግን መጀመሪያ መንገዱን ማየት ያስፈልጋል። የሐምሌ ጉም ከመኪናችን አፍንጫ ወዲያ ምንም አላስቀረልንም። ረዳቱ እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ «ና! ና! ቀኝህን ጠብቅ! ና!» ይላል። ሹፌሩ በልምድ፣ ረዳቱ በጩኸት፣ እኛ በጸሎት እየነዳን ሳለ ድንገት ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«መሸ እንዴ?» አለች ከኋላ ወንበር ተኝታ የነበረች የባንክ ሠራተኛ።

አልመሸም። ዋሻው ውስጥ ነን።

በዚያ ጉም ኮስትር አዙሮ መመለስ የማይታሰብ ነው፤ አንደኛው ወገን ገደል ነው። ሹፌሩ ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ከመውረድ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ወረድን። ጥቂት ስንወርድ ጉሙ ከበላያችን ቀረ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ይፋት ከሥራችን በአረንጓዴ ተዘርግቶ ታየ፤ የደብረ ሲና ቆሎ ሻጮችም ኮስትሩን ከበቡት። መስኮቱ ሁሉ እጅ ሆነ፤ አንዷ ትሰፍራለች፣ አንዷ «ቅመሺው እስኪ፣ ካልጣመሽ ትመልሻለሽ» ትላለች፣ አንዷ ደግሞ ገና ሳንገዛት ትመርቃለች። መሪያችን ሰዓቱን እያየ «መርሐ ግብራችን!» ይላል። ሹፌሩ ቆሎውን በመዳፉ እያሸ፣ በአገጩ ወደ ጉሙ ጠቆመና «እሱ ካልተነሣ እኔም አልነሣ» አለ።

ማስታወሻዬን አወጣሁ። ያጋጠመ ችግር፦ ጉም። የተወሰደ መፍትሔ፦ ቆሎ። ከሁለቱ መስመር አንዱ በዚህ አለቀ፤ ገና መንዝ አልገባንም።

ጉሙ ሲሳሳ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ መገንጠያውን አግኝተን፣ መዘዞን አልፈን ሄድን። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው ጥርጊያ ላይ ግን ጭቃው ኮስትራችንን እስከ ሆዷ ዋጣት። «ውረዱና ግፉ!» ተባለ። የተማረ ሰው ከመግፋቱ በፊት ስብሰባ ያደርጋል። ከኋላ ይገፋ፣ ከፊት ይጎተት፣ ካርቶኑ ይውረድ፣ አይውረድ ስንል ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ላይ ዓይናችን እስካየበት ድረስ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። ሞተሩ ማጓራት ሲጀምር ግን ገበሬውም እረኛውም ከየት መጣ ሳይባል ከበበን። ስብሰባችንን ለአፍታ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ድንጋይ ማምጣት ጀመሩ።

ከመጡት አንዱ ትንሽ እረኛ ነው። ከጓሳ ሣር የተጎነጎነ ገሳ ከራሱ እስከ ባቱ ደፍቷል። ዝናቡ በሣሩ ላይ ይወርድና ጫፍ ጫፉ ላይ ጠብ ይላል፤ ወደ ውስጥ አንድ ጠብታ አያልፍም። ገሳውን ገለጥ ሲያደርገው ሸሚዙ ደረቅ ነው፤ ብብቱ ሥር የያዛት የበግ ግልገልም ደረቅ ናት። የእኔ ጃኬት ምልክቱ ላይ «ውኃ አያሳልፍም» ይላል። አልዋሸም፤ በአንገቴ የገባውን አላሳለፈም።

አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን ለኮስትሯ ሰጥተው ሲገፉ ቆዩና ቀና አሉ።

«ምን ብትጭኑ ነው እንዲህ የከበደው?»

«መጽሐፍ ነው፣ አባባ።»

«ይሄ ሁሉ? አንብባችሁ ጨርሳችሁታል?»

እርስ በርስ ተያየን።

«በሉ እንግዲያ ግፉ» አሉ።

ኮስትሯ ወጣች። ከፊታችን ያለው ጅረት ግን ሞልቶ ነበርና ያንን ሌሊት በአቅራቢያው ካለ ቤት አደርን። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ ነው፤ ባለቤቷ አንዲት እናት ናቸው። እግራችንን አስታጠቡን፣ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን፣ ከዚያ «ዘማቾች ናችሁ?» አሉን። የ1967ቱን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ማለታቸው ነው፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር በየገጠሩ የተበተነበትን። እሳቸው ያኔ ገና ሙሽራ ነበሩ።

«እነዚያም እንደናንተ ሊያስተምሩን ነበር የመጡት። አቤት ሲያሳዝኑ! እሳት ማንደድ እንኳ አያውቁም። አስተምረን ላክናቸው።»

ማታ ባናና ዝተት ተነጥፎልን መደቡም መሬቱም ላይ ተደረደርን። የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባና ብርዱን እንደሚመክት ምስክር ነኝ። ያልመከተው ቁንጫውን ነው። መሪያችን ይህን አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ነው። ከውጭ የመጣ የመኝታ ከረጢቱን ዘረጋ፤ ገባበት፤ ዚፑን እስከ አገጩ ስቦ «ደህና እደሩ» አለን። ቁንጫዋም አብራው ተዘጋች። በጨለማው ውስጥ የዚፕ ድምፅ እንሰማለን። ቀስ ብሎ ወደ ታች። ቀስ ብሎ ወደ ላይ። ዝምታ። ከዚያ ደግሞ በጣም ፈጠን ብሎ ወደ ታች።

ጠዋት እማማ ብቅ አሉ።

«እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! በጣም ደህና!» አልን ሁላችንም ባንድ አፍ፣ እያከክን።

«እናንተ ውሸታሞች!» ብለው ሳቁ። «እኔ ግን እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ! አዲስ ደም አግኝቶ ዞር ብሎም አላየኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቅጹን አወጣሁና «የተከናወኑ ተግባራት» ከሚለው ሥር ተራ ቁጥር አንድን ጻፍኩ፦ ለአንዲት እናት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ።

ጅረቱ በማግሥቱም አልጎደለም። መሪያችን ዳሩ ላይ ቆሞ ውኃውን በዓይኑ ይገፋል። እኛ ግን የአገሩ ጎረምሳ «እስኪጎድል ጓሳን ለምን አታዩም?» ሲለን ሁለተኛ አላስጠየቅነውም። መንገዱ ሽቅብ ነው። ጎረምሳው እየዘፈነ ይወጣል፤ እኛ በየዐሥር ርምጃው «አቤት፣ እንዴት ደስ የሚል መልክዓ ምድር ነው!» እያልን እንቆማለን። ከፍታ ቦታ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ተፈጥሮን ማድነቅ ያበዛል።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ የተንጣለለ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር አገር ነው። ሣሩ በያለበት ጉች ጉች ብሏል፤ መካከል መካከሉ ላይ ጅባራ ብቻውን ቆሟል። መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ከብትም ማጭድም አይገባበትም፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀሮን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ኋላ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። በዚያ ሁሉ ዘመን የሩብ ዓመት ሪፖርት የጠየቃቸው አልነበረም፤ ሣሩ እስካሁን የቆየው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ጉሙን ገደሉ ውስጥ ገፍቶ ጣለው። ምሥራቁ ሁሉ ቁልቁል ነው፤ ሸንተረር ከሸንተረር ሥር እየወረደ፣ እየደበዘዘ፣ ወደ ቆላው ይሄዳል። ቦት ጫማችንን አውልቀን፣ እርጥብ ካልሲያችንን ጅባራ ላይ ሰቅለን፣ ከደብረ ሲና የተረፈውን ቆሎ መሐላችን አፍስሰን ተጋደምን። ትንሽ ዝቅ ብሎ የጭላዳ መንጋ ተሰማርቷል። ጭላዳ ሲበላ አይቶ አለመቅናት አይቻልም። ቂጡ ላይ ይቀመጣል፤ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ይጎርሳል፤ የፊቱን ሲጨርስ ሳይነሣ፣ እንደተቀመጠ ተንፏቅቆ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በዚህ ዘዴ ከወንበሩ ሳይነሣ ኃላፊ የሆነ ሰው አውቃለሁ።

«ቀበሮ! ቀበሮ!» አለች የባንኳ ልጅ በሹክሹክታ።

ቀይ ቀበሮ ነው፤ እውነትም ቀይ። ጭላዳዎቹ መሐል ቀስ ብሎ ይራመዳል። ሕፃናቱ አጠገቡ ይላፋሉ፤ ዞር ብሎ አያያቸውም፤ እናቶቹም አልደነገጡም። እዚሁ ጓሳ ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ምሥጢሩን ይናገራል። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥ ነው፤ ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራው 25ቱ ሲሳካለት፣ ጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን 67ቱ ይሳካለታል። ይህንን ስነግራት የባንኳ ልጅ ወዲያው ሒሳብ ያዘች።

«ጭላዳዎቹስ ምን ያተርፋሉ?»

«ምንም።»

«በላ፣ እነሱም በጎ ፈቃደኞች ናቸው!»

መሪያችን ዘግይቶ ደረሰ። ሰዓቱን አየ። ገደሉን አየ። ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከቆሎው ዘገነ፤ ሳያኝከው ሌሊት የተነጠቀውን እንቅልፍ እዚያው ሣሩ ላይ አገኘው። እኔ ደግሞ በሹመቴ ተጨነቅሁ። ቅጹ ለሥራ ሳጥን አለው፤ ለችግርም ሁለት መስመር አለው፤ ሰው ተራራ ላይ በጀርባው ተኝቶ መዋሉን ግን የት ይጽፉታል? በእኔ ግምት ከጉዞው ሁሉ ያለ እንከን የተከናወነው እሱ ብቻ ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩና፦ «ሰፊ የመስክ ምልከታ ተካሂዷል» ብዬ አሰፈርኩት። በኋላ እንደሰማሁት ዋናው መሥሪያ ቤት ከሪፖርቱ ሁሉ የወደደው ያችን ዓረፍተ ነገር ነው።

ወደ ማታ ጅረቱ ጎደለ። ኮስትሯ ስላልደፈረች ካርቶኑ በአህያ ተሻገረ። አንዷ አህያ ውኃው መሐል ቆማ አሰበችበትና የፊዚክሱን ካርቶን እንደተሸከመች ጋደም አለች። የፊዚክሱ ነገር በዚህ ተፈጸመ።

ርእሰ መምህሩ የቀሩትን ካርቶኖች ሲፈታ የደጋጎቹ ሰዎች ልብ ተገለጠ። የመማሪያ መጽሐፍ አለ፣ ልብ ወለድ አለ፣ የጸሎት መጽሐፍ አለ። ከኮምፒውተር ቤት የተጣለ የማተሚያ ማሽን መመሪያ አለ፤ መብራት ላልገባበት ቀበሌ። ስለ ውኃ ዋና የሚያስተምር አለ። ክብደት ስለ መቀነስ የሚመክርም አለ፤ ባለቤቱ እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ በእርሳስ አስምሮበታል።

መደርደሪያው ሞልቶ ስንጨርስ የጭቃው ሽማግሌ መጡ። ጋቢያቸው ታጥቧል። ርእሰ መምህሩ መዝገቡን ገልጦ የአሻራውን ቀለም ገፋ ሲያደርግላቸው «አንሣልኝ ይሄን» አሉት። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት አንዱ ናቸው። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ እያንዳንዷን ፊደል ቤቷን አስይዘው ጻፉና ከመደርደሪያው አንዱን ሳቡ።

«ክብደትዎን ... ለመቀነስ ... ጠዋት ጠዋት ... ቅቤ ያለበት ... ምግብ ...» አሉና ቀና አሉ። «ሰው ለመክሳት መጽሐፍ ይገዛል?»

«አዲስ አበባ ይገዛል፣ አባባ።»

«እኛንስ ሐምሌና ነሐሴ ያለ መጽሐፍ ያከሱናል።» መጽሐፉን አገላብጠው አዩት፤ በጋቢያቸው ጫፍ ወልወል አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። «ስወፍር መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጡብኝ።»

«እሺ አባባ። ለጊዜው ሌላ ይምረጡ እንጂ።»

«ለጊዜው የውኃ ዋናውን ስጡኝ» አሉ። «ቤቴ ከጅረቱ ማዶ ነው።»