ትኩሳቱስ አለ፤ ማን ለኮሰው?

«ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ።»

ሁለቱም በአንድ ጀንበር? ታይፎይድ በተበከለ ውኃና ምግብ ይገባል፤ ተስቦ የሚባለውን ታይፈስ ደግሞ የሚያመጣው ቅማል ነው። በአፍ የሚገባውና በልብስ የሚገባው ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ዘወትር ተቃቅፈው የሚገኙት ሰው ገላ ውስጥ አይደለም፤ ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ነው።

«ወረቀቱ ፖዘቲቭ ነው የሚለው!»

ይላል እንጂ! ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ የሚያየው ጀርሙን አይደለም፤ ሰውነት ጀርሙን ሊመክትበት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ከዳኑም በኋላ ለወራት ይቆያል፤ ሌላ ባክቴሪያም ሊቀሰቅሰው ይችላል። የቆየ ጠባሳ አይቶ «ዛሬ ቆስለሃል» የሚልህን ሐኪም ታምነዋለህ? ፈረንሳዊው ዊዳል ምርመራውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1896፣ በዓድዋው ዓመት ነው። የዓድዋን ድል እንውረስ፤ የዓድዋን ዘመን ላብራቶሪ ግን ለልጆቻችን አናውርስ።

«ማስረጃ አምጣ!»

አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት የያዛቸው 270 ሰዎች ተመረመሩ። ዊዳል 88ቱን በቅርብ የተያዙ አስመሰላቸው። ደማቸው ካልቸር ሲደረግ የታይፎይድ ወይም የፓራታይፎይድ ባክቴሪያ የበቀለው በ11 ሰዎች ብቻ ነው። ካልቸርም የሚያመልጠው አለ፤ ይህን ያህል ግን አያመልጠውም። የሰዎቹ ትኩሳት እውነት ነው፤ የተሰጠው ስም ነው ዋስ ያጣው።

«ስሙ ምን ያደርግልኛል? መርፌውን ውጉኝና ልሂድ።»

ጋሼ፣ ሴፍትሪያክሶን የሚገድለው ባክቴሪያ ነው። ቫይረስ አይነካም፤ ወባ አይነካም፤ ጀርም የሌለበትን ትኩሳትማ ከየት አግኝቶ ይንካው? ያለ ነገሩ በተወጉ ቁጥር ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ለእውነተኛው ቀን የሚሆን መርፌ ያጣሉ።

«ጀርም የሌለበት ትኩሳት ደግሞ አለ እንዴ?»

አለ፤ ያውም ልጅ ይቀጥፋል። ጉሮሮውን ታሞ የነበረ ልጅ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ያተኩሰዋል። ጉልበቱ ያብጣል፤ ጉልበቱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ ይተካል። ይሄኔ የሚያቃጥለው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ነው፤ መገጣጠሚያውን ትቶ ወደ ልብ ይዞራል። ይህን ልጅ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ክኒን አስይዞ መመለስ የልቡን በር ለጠባሳ መስጠት ነው። የሚያስፈልገው ልቡን የሚያዳምጥለት ሰውና በየወሩ ገደማ ሳይቋረጥ የሚወጋው ፔኒሲሊን ነበር። አንዳንድ ካንሰር፣ ሉፐስና ሪህም እንዲሁ ያለ ጀርም ያተኩሳሉ።

ትኩሳት የሰውነት ሥራ መሆኑን ዓለም በደንብ ካየባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ናት። ቅማል የሚያስተላልፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ሕመምተኛ ፔኒሲሊን ሲወጋ፣ ጀርሙ እየሞተ ሳለ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳቱም ይንራል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት በዚያ ሰዓት ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን የተባሉ የደም መልእክተኞች እንዴት እንደሚያሻቅቡ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ተሞከረ፤ ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱን ያ መንቀጥቀጥ ሲይዛቸው፣ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች የያዘው 10ሩን ነው።

«ምች ነው የመታው፤ ዳማ ከሴ ይበቃዋል።»

እትዬ፣ ዳማ ከሴውን ያሽቱለት፤ በዚያው ቀን ግን አዝለው ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

«ታዲያ ደሙ ሁሉን ይናገራል?»

ሁሉን አይናገርም፤ ከዊዳል ግን የተሻለ ይናገራል። ሲአርፒ የሚባለው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1930 በሳንባ ምች ሕመምተኞች ደም ውስጥ የተገኘ ነው። ጉበት ያመርተዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ይነሳል፣ በሁለት ቀን ገደማ ጣሪያ ይነካል። በባክቴሪያ ጊዜ አብዝቶ ይወጣል፤ በብዙ ቫይረሶች ዝቅ ይላል። ፕሮካልሲቶኒን የሚባለው ሌላው የደም ምልክት ባክቴሪያን በመለየት ይበልጠዋል፤ ዋጋውም ይበልጣል። ግን የመገጣጠሚያ ቁጣም ሲአርፒን ይሰቅላል፤ ወባ ሁለቱንም ይሰቅላል። ስለዚህ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ የተመለሰ የመርሐቤቴ ሰው መጀመሪያ የወባ ምርመራ ይደረግለት።

«ይሄ ሁሉ ለመንዝና ለግሼ ቅንጦት ነው።»

ቅንጦቱ ካልቸር ነው፤ ማሞቂያ ሣጥን፣ የማይቋረጥ መብራትና የቀናት ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲአርፒ የጣት ጠብታ ደምና ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ሃኖይ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ጉንፋንና ሳል በያዛቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደታተመው፣ አንቲባዮቲክ የሚወስደው ሰው ከመቶ 78 ወደ 64 ወረደ፤ የሚድኑበት ጊዜም አልዘገየም። ቬትናም ገጠር የገባው ግሼ ራቤል የማይገባበት ምን ምክንያት አለ? የዊዳሉን ኬሚካል የሚገዛው በጀት ይህንንም ይግዛ!

«እስኪመጣስ ምን ልበል?»

ለባለሙያው ከእነዚህ የደረሰብዎትን ይንገሩት፦ ቆላ ወርጄ ነበር፤ ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር፤ ጥሬ ወተት ጠጥቻለሁ፤ እብጠቱ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ ይዞራል። ከዚያ «ታይፎይድ ነው» ካለዎት «በምን ለየኸው፣ ልጄ?» ብለው ይጠይቁት።