የማካፈያ እጦት

አጎቴ ላሊበላ ላይ ስድስት ክፍል ያላት ፔንሲዮን አላቸው። አዲስ አበባ ተቀምጬ ኮድ እጽፋለሁ እያልኩ ስለምጎርር፣ «እስቲ ለአንድ እንግዳ ስንት ብር እንደማወጣ የሚነግረኝ ነገር ሥራልኝ» አሉኝ። ወጪን ለእንግዳ ቁጥር ማካፈል ነው፤ በአንድ ማታ በጃቫስክሪፕት ጨረስኩት።

ከዚያ ኮሮናና ጦርነት ተከታትለው መጡ። እንግዳ ዜሮ፤ የዘበኛው ደመወዝ ግን እንዳለ። የአጎቴ ስልክ «ኢንፊኒቲ» አለ። በፓይተን ብጽፈው ኖሮ በዜሮ አላካፍልም ብሎ ይጮህ ነበር፤ ጃቫስክሪፕት ግን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለ ደንብ ይዞ ዓይኑን ሳያሽ ይመልሳል።

«ምን ማለት ነው?»

«ማለቂያ የለውም ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«ወጪዬ? እሱንማ መች አጣሁት!»

አጠገባቸው የነበሩት የኔታ ሳቁብኝ። «በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም። ከ፩ ተነሥተህ ፼ ትደርሳለህ። በሌለ ነገር ማካፈልን ከየት አመጣኸው?»

አጎቴ መላ መቱ፦ «አንድ ጨምርበት፤ ካላደገ ማለቂያ የለውም።» ብልህ ናቸው፤ ግን አይሠራም። የኮምፒውተሩ ተንሳፋፊ ቁጥር 9,007,199,254,740,992 ከደረሰ በኋላ አንድ ቢጨምሩበት አይሰማውም፤ ጣሪያው ደግሞ ገና ሩቅ ነው፤ በግምት 18 ብላችሁ 307 ዜሮ አስከትሉ። የገና ዕለት ማሜ ጋራ ላይ ቤዛ ኩሉ ሲወረብ አንድ ነጭ ለባሽ ቢጨመር ማን ልብ ይለዋል? ሕዝቡ ግን በማግስቱ ወደየአገሩ ይበተናል።

እኔም ኢንፊኒቲ መሆኑን የሚጠይቅ መስመር አስገባሁና ደረቴን ነፋሁ። በሚቀጥለው ወር ዘበኛው አገሩ ገባ፣ መብራትም ጠፋ። ወጪ ዜሮ፣ እንግዳ ዜሮ። ስልኩ «ናን» አለ።

«ይሄስ?»

«ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይሆንም።»

«ጠጅ ቀምሷላ!»

ናን ኢንፊኒቲ ስላልሆነ የኔን ጥበቃ ሰላም ብሎ አልፎት ነበር። ጥያቄውን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መጠየቅ የነበረብኝ «ማለቂያ የለህም ወይ?» ብዬ ሳይሆን «ማለቂያ ያለህ ደህና ቁጥር ነህ ወይ?» ብዬ ነው። ለዚህ ነምበር ዶት ኢዝፋይናይት የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሁለቱንም አንድ በር ላይ ይመልሳቸዋል። አሁን ስልኩ በአማርኛ «እንግዳ አልመጣም» ይላል።

ለገና የምትወጡ ካላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። በገና ማካፈያው ከስድስቱ ክፍል ይተርፋል።