ይሄ ድንጋይ ስንት ያወጣል?

የጂኦሎጂ ምሩቅ መከራውን የሚያየው በረሃ ሲወርድ ሳይሆን ሰርግ ቤት ሲገባ ነው። በረሃ ላይ መዶሻውንና ኮምፓሱን ይዞ በሰላም ይውላል። ሰርግ ላይ ግን አጠገቡ የተቀመጡት ትልቅ ሰው «ምን ተማርክ ልጄ?» ብለው ይጀምራሉ። «ጂኦሎጂ» ሲላቸው የያዙትን ጉርሻ አስቀምጠው ይጠጉታል። «እኛ አገር ወርቅ ሞልቷል አይደል? እየደበቁን ነው እንጂ!» ማን እንደደበቀው አይናገሩም። አለት እንዴት እንደሚፈጠር፣ የትኛው ንጣፍ ከየትኛው እንደሚቀድም፣ ተራራው መቼ እንደቆመና ሸለቆው ለምን እንደወረደ ዓመታት ቁጭ ብሎ እንደተማረ ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት፣ ከወዲያ በኩል አንድ ዘመድ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ከኪሱ ያወጣል።

«ይሄ ድንጋይ ስንት ያወጣል?»

ሰው ሰርግ ላይ ድንጋይ ይዞ ለምን ይመጣል? አይጠየቅም። ድንጋዩ አብዛኛውን ጊዜ ባዛልት ነው፤ ያው አጥራችንን የገነባንበት ጥቁር ድንጋይ። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ እየተንተከተከ ወጥቶ የሰሜኑን ደጋ ያለበሰው፣ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው የቀለጠ አለት ጎርፍ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ይህን ሲነግረው ዘመድየው ፊቱ ይጠቁራል። «እና ዋጋ የለውም?» ይልና ወደ መሐረቡ ይመልሰዋል።

ዋጋ መጠየቁ እንኳ ነውር አልነበረም። ወሎ ውስጥ ደላንታ ያሉ ገበሬዎች፣ በ2000 ዓ.ም. ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ይህንኑ ጥያቄ እየጠየቁ ገደል ለገደል ሲንጠለጠሉ ኖረዋል። ግን እነሱ ድንጋዩን ለማግኘት መጀመሪያ ገደሉን ማንበብ ነበረባቸው። ከእሳተ ገሞራ የተረፈው ንጣፍ በንጣፍ ተደራርቦ ሲታይ፣ ኦፓሉ ያለው ከ1 ሜትር በማይበልጥ አንድ ስስ ንጣፍ ውስጥ ብቻ ነው። እሱን ተከትለው ይቆፍራሉ፤ ከላዩና ከታቹ ጊዜያቸውን አያባክኑም። ዲግሪ የላቸውም እንጂ ጂኦሎጂስቶች ናቸው።

ከተሜውን ግን ቦታ ሲገዛ እዩት። ካርታውን ለሦስት ሰው ያስነብባል፤ አስፋልቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ይለካል፤ የጎረቤቱን ጠባይ ከባለሱቁ ያጣራል። አፈሩን የሚያስተውለው ጫማው ላይ ሲለጠፍበት ብቻ ነው፤ ያኔም ይረግመዋል እንጂ አይመረምረውም። «የአፈር ምርመራ አሠራ» ሲሉት «ለጉድጓድ ከምከፍል ሴራሚኩን ከፍ አደርገዋለሁ» ይላል። የአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ሰፈሮች ብዙዎቹ ጥቁር አፈር ላይ ናቸው። በዚህ አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እናም ቤቱን ክረምት ሽቅብ ይገፋዋል፣ በጋ ቁልቁል ይለቀዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከመስኮቱ ጥግ አንድ ስንጥቅ ይነሳል። ባለቤቱ በስቱኮ ያስደፍነዋል፣ ቀለም ያስቀባዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ስንጥቁ ሲጠብ ደግሞ «ዳነ» ብሎ እንግዳ ይጠራል። ጥር ላይ እንደገና አፉን ሲከፍት ግንበኛው ሲሚንቶ ሰርቆታል ተብሎ ይታማል፤ ግንበኛው ከሌለ የጎረቤት ዓይን አለ። አፈሩን የጠረጠረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

መሬት ራሷ ስትናገር ደግሞ ሁላችንም ሊቅ እንሆናለን። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ አለት ከሥር እየገፋ ሲያንቀጠቅጥ፣ በአካባቢው ያሉ ወገኖቻችን በአሥር ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። አዲስ አበባ ላይ የደረሰን ንዝረቱና ወሬው ነው። ትናንት ስለ ኳስ ሲተነትን የነበረ ሁሉ በአንድ ሌሊት ስለ «ሬክተር ስኬል» ተንታኝ ሆነ። «ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትልቁ ይመጣል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ሲዞር፣ የመንቀጥቀጥን ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ በዓለም ላይ እንደሌለ ባለሙያዎቹ ቢምሉም ሰሚ አላገኙም። ሰፈሩ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ከቤት ሸሽቶ የወጣው አብዛኛው ሰው ተደግፎ ያነጋው ደግሞ የድንጋይ አጥሩን ነው፤ መሬት ብትናወጥ መጀመሪያ የሚናደውን ማለት ነው! 9 ሰዓት እንዲሁ ሲያልፍ «አያውቁም እኮ!» ተብለው የተሰደቡት ቀድሞውንም ሰዓት ያልተናገሩት ባለሙያዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ድንጋጤ በየት ከተማ? እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው ፍልውኃ አጠገብ ቤት ባሠሩበት ከተማ። ያ ፍል ውኃ የሚወጣው በመሬት ስንጥቅ በኩል ነው። እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ፣ ዝቋላ፣ በዙሪያችን ያሉት ሁሉ የእሳተ ገሞራ ሥራዎች ናቸው። ስንጥቁ ለቁርጥማት የሚበጅ ውኃ ሲያፈልቅልን ጠበል ነው፤ ትንሽ ሲነቀንቀን ግን ቁጣ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የውቅያኖሱ ነገር ነው። አፋር ላይ ሦስት ግዙፍ የመሬት ቅርፊቶች እየተላቀቁ ነው፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። እዚያ ወደፊት ባሕር ይገባል መባሉን የሰማ ሁሉ የወደቡ ቁጭት ይነሳበታል። አንድ ደላላ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት እንደሚፈጅ ስነግረው ብዙም አልተከፋ፤ ጥቂት አሰብ አደረገና «ፊቱን ወደ ውኃው ያደረገ ቦታ ከሰመራ በየት በኩል ይሻላል? ካሬውስ አሁን ስንት ነው?» አለኝ።