«ሊማር ነው የመጣው!» ለሚሉን

በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪ አእምሮውን የሚያሳርፍበት ቦታ ይዘጋጅ ባልን ቁጥር ሰበቡ ከየአቅጣጫው ይዘንባል። እኛም መልስ አናጣም፤ ተራ በተራ ይምጡ።

«ተማሪ የመጣው ሊማር ነው፤ ማረፊያ ምን ያደርግለታል?» አሉን አንድ ጋሼ።

ጋሼ፣ በሬ እንኳ ቀትር ላይ ከቀንበር ይፈታል። ልጅዎ ከሚድ እስከ ፋይናል ሳይፈታ ይክረም? የዛለ አእምሮ ገጽ ይገልጣል፣ ነገር አይዝም። እንዲማር ከፈለጉ እንዲያርፍ ይፍቀዱለት።

«ዶርም ተሰጥቶት የለም እንዴ?»

ተሰጥቶታል፣ ከነተደራራቢ አልጋው። አንዱ «መብራት አጥፉ፣ ልተኛ» ይላል፤ ሌላው «አብሩ፣ ነገ ፈተና አለኝ» ይላል፤ ሦስተኛው ሙዚቃ ከፍቷል፤ አራተኛው እናቱ ታማበት ስልኩን ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር ይንከራተታል። ዶርም ያሳድራል። ብቻን ለመቀመጥ፣ ዕንባም ቢመጣ ለማፍሰስ ሌላ ጥግ ያስፈልጋል።

«ላይብረሪ ይሂድ!»

ከመጽሐፍ ሸሽቶ ወደ መጽሐፍ?

«ላውንጅ ይግባ!»

ላውንጅ ለመቀመጥ ማዘዝ ግድ ነው። ጭንቀቱ የሚበረታው ደግሞ ኪሱ ባዶ በሆነው ልጅ ላይ ነው። እኛ የምንለው ቦታ «ምን ልታዘዝ?» የሚል የሌለበት፣ ሒሳብ የማይመጣበት ነው።

«እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው የተመረቅነው!» አሉ ዶክተሩ።

ክብር ይገባዎታል፣ ዶክተር። ታሪኩን ግን ሙሉውን እናውራው። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1950 እ.ኤ.አ. በኮሌጅነት ሥራ ሲጀምር የተቀበለው 33 ተማሪ ነበር። ኋላም ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ከነዛፉ፣ ከነአትክልቱ ነው። የቀደመው ተማሪ ጥላ ነበረው። የዛሬው ልጅ መግቢያውም ፈተና፣ መውጫውም ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዓመታት ተምሮም የመውጫ ፈተናውን ሳያልፍ ዲግሪ የለም። በዚያ ላይ ምደባው ከቤተሰቡ አርቆ ይጥለዋል። እናንተ ኩራዙን አሸንፋችኋል፤ ይህን ሸክም ግን አልተሸከማችሁም።

«ጭንቀት የሰነፍ ሰበብ ነው» አለ አንድ ሲኒየር።

ወንድሜ፣ ይህን ቃል ዋጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ራስን ማጥፋት በዓለም ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። የዶርም ጓደኞችህ በዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው። ሞት ግሬድ አይጠይቅም፤ ሰነፍና ጎበዝም አይለይም። ይልቅ ዝም ያለውን ጓደኛህን ዛሬ «ምን ሆነሃል?» በለው፤ እስኪነግርህም አጠገቡ ቁጭ በል።

«ታዲያ ወንበርና ዛፍ የአእምሮ ሕመም ሊያድን?»

አያድንም፤ ሕክምና የሚያስፈልገው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን በ2020 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ጥናቶችን አገላብጠው፣ ተማሪዎች ከ10 እስከ 50 ደቂቃ በተፈጥሮ መካከል ሲቀመጡ ወይም ሲራመዱ ውጥረታቸው እንደሚረግብና ስሜታቸው እንደሚሻሻል ጽፈዋል። አሥር ደቂቃ እኮ በሁለት ክላስ መካከል ትገኛለች! የአማካሪውም ክፍል ከዚያው ከጥላው አጠገብ ይሁን። ቅጣት ከሚጻፍበት ቢሮ ጎን ምሥጢሩን የሚተነፍስ ተማሪ የለም። አማካሪ ዘንድ መግባቱም «አበደ» የሚያሰኘው ከሆነ በሩን አያንኳኳም።

«መጀናጀኛ ይሆናል!»

መብራት አብሩበት፣ ከመንገድ እንዲታይ አድርጉት፤ ያኔ ሴቷም ተማሪ ሲመሽ ሳትሰጋ ትቀመጣለች። በዊልቸር የሚሄደውም የሚገባበትን መንገድ አስተካክሉ። ደግሞስ ከግቢው በር ማዶ ያለው ጫት ቤት ፍራሹን አንጥፎ እየጠበቀ አይደለም? እኛ በነፃ የነፈግነውን ማረፊያ ሌላው በዋጋ ይሸጥለታል፤ ዋጋውንም ልጁ በጤናው ይከፍላል።

«በጀት የለም!»

ለአጥርና ለበር የተገኘ በጀት ለአግዳሚ ወንበር አይጠፋም። በየክረምቱ ግቢው ውስጥ ችግኝ እንተክላለን፤ ዛፍ ሲሆን ወንበሩን እናስከትል። ንድፉን የአርክቴክቸር ተማሪዎች ይሥሩት፣ ብየዳውን ወርክሾፑ ይጨርሰው። ባሕር ዳር ጣና አለ፤ ወንዶ ገነት ደን አለ። ፈጣሪ የሰጠውን እያጠርን በጀት አንውቀስ።

«መንግሥት እያስተማረው ሌላ ምን ይጨመርለት?»

የወጪ መጋራት ውል የፈረመው ማን ሆነና! ነገ ከደመወዙ የሚከፍል ልጅ ዛሬ አሥር ደቂቃ ጥላ ሲጠይቅ ምጽዋት አልለመነም።

የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ሆይ፣ የሚመጣውን ፍሬሽ ከመቀበላችሁ በፊት በየግቢያችሁ አንድ ቦታ ለዩ፦ ጥላ፣ መቀመጫ፣ የመጠጥ ውሃ፣ የምሽት መብራት፣ አጠገቡም አንድ አማካሪ። ቦታውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይምረጡ፤ የሚደክማቸው የት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የግቢ ጥበቃ ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚያ የተቀመጠውን ልጅ አታስነሡብን። ኦክቶበር 10፣ በእኛ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ይከበራል። ዘንድሮ ከባነሩ በፊት ወንበሩ ይቅደም።