ካሬ፦ ጎን የሌለው አራት ማዕዘን

የሒሳብ መጽሐፍ ካሬ ማለት አራት እኩል ጎኖችና አራት ባለ 90 ዲግሪ ማዕዘኖች ያሉት ምስል ነው ይላል። ይህ ትርጉም ከትምህርት ቤት አጥር ወጥቶ አያውቅም። ከአጥሩ ውጭ ያለው አማርኛ ተናጋሪ ለጎንም ለማዕዘንም ደንታ የለውም። «ካሬው ስንት ነው?» ይላል እንጂ «ካሬ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ይህ ጥናት በተካሄደበት ጊዜ ሁሉ አልተገኘም። የቅርጽ ስም ቅርጹን ጥሎ ብዛቱን ብቻ ይዞ ሲኖር ዝም ብሎ ማለፍ ለምሁር ነውር ነው።

ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ለገሃርን ያወረሰን ያው ቋንቋ። ሲመጣ ከሜትር ጋር ተጣምሮ «ካሬ ሜትር» ነበር። በአነጋገር ብዛት ሜትሩ ወድቆ ቀረ። ዛሬ «200 ካሬ አለው» የተባለ ሰው ምን ካሬ እንደሆነ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የት እንደሆነ ነው።

ከካሬ በፊት መሬት በጥማድና በጋሻ ይነገር ነበር። ጥማድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው፤ ስለዚህ ስፋቱ እንደ በሬው ጉልበት፣ እንደ አፈሩ፣ ምናልባትም እንደ አራሹ ቁርስ ይለያያል። ጋሻ ደግሞ 40 ሄክታር ገደማ ነው፤ በዛሬ አፍ 400 ሺህ ካሬ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል ይለመናል። ጋሻ ክብ ነው።

የጥንት ግሪኮች ክብን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ እኩል ስፋት ወዳለው ካሬ ለመለወጥ ደክመው አልሆነላቸውም። በ1882 እ.ኤ.አ. ሊንደማን የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ነገሩ ከቶ እንደማይቻል አረጋግጦ መዝገቡን ዘጋው። ወደ እኛ አገር ብቅ ብሎ አልጠየቀም እንጂ በ1967 ዓ.ም. ተችሏል። የዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። ባለጋሻው የከተማ ሰው አድሮ ባለካሬ ሆነ። ማስመሪያም ኮምፓስም አላስፈለገም፤ ነጋሪት ጋዜጣ በቃ።

ከዚያ ወዲህ የታየው ነገር የዚህ ጥናት ዋና ግኝት ነው፤ መሬቱ ባነሰ ቁጥር ቃሉ ገነነ። ጋሻ መሬት የነበራቸው ሰዎች ካሬ የሚል ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ኖረው አልፈዋል። 90 ካሬ ያለው ሰው ግን ካሬውን እንደ ልጁ ዕድሜ በቃሉ ይይዛል። ከሁሉም በላይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ምንም ካሬ የሌለው ተከራይ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ካሬ ከነዋጋው ይዘረዝርልሃል። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችንም አለ፤ እየኖረ ያለው በስኩዌር ፊት ነው፣ ስልክ ሲደውል ግን የሚመኘው በካሬ ነው።

ስለ ቅርጹ ትክክለኛነት አጭር ፍተሻ አድርገን ነበር። የአንድ ሰው 140 ካሬ እውነተኛ ካሬ ቢሆን ኖሮ፣ ጎኑ የ140 ዳግም ዘር፣ ማለትም 11 ሜትር ከ83 ሳንቲም ገደማ መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ቦታ አለኝ የሚል አላጋጠመንም። ያጋጠመን 10 በ14 ነው፤ እሱም ቢሆን የጎረቤት አጥር ከኋላ በኩል «ትንሽ» ገፋ ስላለ፣ ለምስሉ ስም የሚያወጣለት የጂኦሜትሪ መምህር ይፈለጋል።

ለመስክ ጥናት አንድ አፓርታማ ለማየት ሄድን። ደላላው ገና ከደጅ «110 ካሬ» አለ። ሜትር ይዤ ስለነበር ክፍል በክፍል ለካሁት፤ 86 ሆነ። የቀረው የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ እኔ የነገርኩዎት እኮ ግሮሱን ነው። ኔቱን ነው እርስዎ የለኩት።»

«ግሮሱ የት ነው ያለው?»

«ደረጃው አለ፣ ኮሪደሩ አለ፣ ሊፍቱ አለ።»

ሊፍቱ አይሠራም። ካሬው ግን ይሠራል፤ ዋጋ ውስጥ ገብቷል። አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራችን ስንወጣ የረገጥነው ሁሉ የራሳችን ካሬ ነበር ለካ። ደላላውን ግን ልንቀየመው አልቻልንም። ጋሼ ማለት ጋሻዬ ማለት ነውና፣ 24 ካሬ የጎደለብኝን ሰውዬ በአንድ ቃል 400 ሺህ ካሬ አሳቅፎ ሸኘኝ።

ካሬ መሬት ላይ ተኝቶ ብቻ አይቀርም፤ ግድግዳም ይወጣል። ለሳኙና ቀለም ቀቢው ሒሳባቸው በካሬ ነው። እዚህ ጋ መስኮት የሚባል የክርክር መድረክ አለ። ባለቤቱ «መስኮቱን አልለሰንከውም፣ ይቀነስ» ይላል፤ ለሳኙ «ጠርዙ ነው እኮ ሥራው» ይላል። ሁለቱም እውነት ስላላቸው የመስኮቱ ካሬ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አሸዋ ግን በካሬ አይሸጥም፤ ቢያጆ የራሱ ጥናት ይገባዋል።

በመጨረሻ እውነተኛ ካሬ ተገኘ፤ የእናቴ ማዕድ ቤት ሴራሚክ ሲነጠፍ። ክፍሉ 6.8 ካሬ ነው፣ አንድ ካርቶን አራት ሴራሚክ ይዞ 1.44 ካሬ ይሸፍናል፤ አምስት ካርቶን ገዛን። እያንዳንዱ ሴራሚክ ጎኑ እኩል፣ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ፣ መጽሐፉ እንዳለው። ባለሱቁም ሠራተኛውም ካሬ ብለው አልጠሩትም፤ «ስልሳ በስልሳ» ነው ስሙ። ክፍሉ ግን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ስላልነበረ፣ በግድግዳው ዳር የዋለው ሁሉ በመጋዝ እየተቆረጠ ገባ። ከሃያው አንድ ሳይነካ ተረፈ። «ካሬ እኮ ነው» ብዬ ለእናቴ አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና ቡና ስታፈላ ከሰል ማንደጃው ሥር አደረገችው።