በጨዋታ መሃል ድርግም ስለሚል ኮምፒውተር የቀረበ መጠነኛ ጥናት

የጥናቱ ዓላማ

ጥናቱ የሚመለከተው ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያለፈ፣ በጊዜው «የጌም ነው» ተብሎ በውድ የተገዛ፣ ዛሬ ግን ጨዋታው ሊጣፍጥ ሲል ድርግም የሚለውን የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ይህ ፍጥረት በአዲስ አበባ ሳሎኖች ውስጥ እንግዳ አይደለም። ቀን ቀን ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ፊልም ይታይበታል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይቀር ይተየብበታል፤ በዚህ ሁሉ አንዳች ቅሬታ አያሰማም። ማታ ጂቲኤ ፋይቭ የተባለው የመኪና ሌብነት ጌም ሲከፈት ግን በመጀመሪያ ፋኑ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ይሳደባል። ሦስቱ ክስተቶች ቅደም ተከተላቸውን ስተው አለማወቃቸው ጉዳዩን ለሳይንሳዊ ምርመራ ብቁ ያደርገዋል።

ለናሙናነት የተመረጠው ማሽን የ2014 ትውልድ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ሰቨን 4790ኬ፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 970 ነው። አምራቾቹ ለአንደኛው 88፣ ለሁለተኛው 145 ዋት መድበውላቸዋል። አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ይያዝልን፤ በኋላ ይደመራሉ።

ቀደምት ሊቃውንት ስለ ሙቀት ያሉት

ሙቀት የአንድ ቤት ገመና እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል። በኋላ ኢንቴል የተባለውን የቺፕ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር በ1965 ባሳተመው ዝነኛ መጣጥፍ፣ በአንድ ቺፕ ላይ የሚታጨቁት ክፍሎች በየዓመቱ እጥፍ እየሆኑ እንደሚሄዱ ከተነበየ በኋላ፣ የዚህ ሁሉ ሙቀት ወዴት ይወጣል ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ አያሳስብም ብሎም ለራሱ መለሰ። በ2001 የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር በአንድ የመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ፣ ነገሩ በያዘው መንገድ ከቀጠለ ቺፕ ከስፋቱ አንጻር የሚተፋው ኃይል የሮኬት አፈሙዝን፣ ብሎም የፀሐይን ገጽ እንደሚስተካከል አስጠነቀቀ። በ2004 ኩባንያው ቴጃስ የተባለውን የፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር ተተኪ፣ ሙቀቱም አስቸግሮት፣ ገበያ ሳያይ ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ ፍጥነትን ሽቅብ መንዳቱ ረገብ አለና ፉክክሩ ኮር ማብዛት ሆነ።

እንግዲህ ኢንቴልን የሚያህል ኩባንያ ሙቀትን ፈርቶ መንገድ ቀይሯል። የናሙናችን ባለቤት ግን አልፈራም፤ ኮምፒውተሩን ብፌ ውስጥ አስገብቶታል።

የመኖሪያ አካባቢው

ብፌው ከፊት በስተቀር ዙሪያውን እንጨት ነው። የኋላው ፋን የሚተፋው ትኩስ አየር እንጨቱን ነክቶ ይመለስና በፊት በኩል እንደ አዲስ ይሳባል። ኬዙ በአናቱ ላይም የአየር መውጫ ነበረው፤ የባለቤቱ እናት ግን አቧራ እንዳይገባበት ብለው በዳንቴል አልብሰውታል። አቧራው የሚገባው በፊትና በታች ስለሆነ፣ ዳንቴሉ በተግባር የሚያግደው ለመውጣት የመጣውን ሙቀት ብቻ ነው።

አቧራው በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እየተነጠፈ ይወፍራል። ከላይ ላየው ሰው ፋኑ ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ከሥር ግን አየር አያልፍም። መዞርን ከመሥራት ጋር ማምታታት በሌሎች ተቋማትም የታየ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ባለቤቱ በዚህ ጊዜ የሚያቀርበው መከላከያ «አዲስ አበባ እኮ ብርድ ናት» የሚል ነው። መከላከያው ግማሽ እውነት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከቆላው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ክብደት እንጂ የፋኑ ጩኸት አይደለም። በተጨማሪም በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የናሙናችን ፕሮሰሰር ራሱን ማዝገም የሚጀምረው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ አንድም የአምራች ደንብ ሳይጣስ፣ ከፈላ ጀበና የበለጠ የጋለ ነገር ጉልበት ሥር አስቀምጦ ጌም መጫወት ይቻላል።

የሕክምና ወገኖች

በሽታው አንድ ቢሆንም ሐኪሙ ብዙ ነው። ጥናቱ አራት ወገኖችን ለይቷል።

አንደኛው የፎርማት ወገን ነው፤ ተከታዩም ሥልጣኑም ሰፊ ነው። የዚህ ወገን ባለሙያ ማሽኑን ሳይነካ ይመረምራል።

«ወንድሜ፣ ቫይረስ ነው። ፎርማት እናድርገው።»

«የሚጠፋው እኮ ሲግል ነው።»

«የሚያግለው ቫይረሱ ነዋ!»

ለፍትሕ ሲባል፣ ሳያስፈቅድ ክሪፕቶ የሚቆፍር ቫይረስ ፕሮሰሰርን በእርግጥ ያግላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቫይረስ ባለቤቱ ጌም እስኪከፍት አይጠብቅም፤ ደብዳቤ ሲጻፍም ያግላል። ፎርማት የተደረገው ናሙና ወደ ቤቱ የተመለሰው ፎቶዎቹን አጥቶ፣ አቧራውን ይዞ ነው።

ሁለተኛው «ራም ጨምርበት» የሚለው ነው። ይህ ወገን ለዝግታም፣ ለሙቀትም፣ ለድምፅ መጥፋትም የሚያዘው መድኃኒት አንድ ነው። ሦስተኛው የቬንትሌተር ወገን ሲሆን የኬዙን ጎን ከፍቶ የቤቱን ቬንትሌተር ይደቅንበታል። አራተኛው ማሽኑን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ይሄዳል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አቧራውን በአንድ ትንፋሽ ያራግፋል፤ በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመውን እርጥበትም አብሮ ይለግሳል። ፋኑን በጣት ያልያዘ ሰው ደግሞ ፋኑ ተሠርቶ በማያውቅበት ፍጥነት ሲሽከረከር ለማየት ይታደላል፤ ኩሽኔታው ግን ዕድሉን አይጋራም።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቢያንስ አየርን ስለሚያነሱ ከእውነት ሩቅ አይደሉም። እንዲያውም ጎኑን መክፈት ሳይታሰብ የተደረገ ጥሩ ምርመራ ነው። ተከፍቶ ሙቀቱ ብዙ ከወረደ በደሉ የኬዙና የብፌው ነው፤ ተከፍቶም ካልወረደ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ማቀዝቀዣ ነው። ባለቤቱ ግን ውጤቱን አይጽፍም፤ ጨዋታውን ይቀጥላል።

ማሽኑ ራሱ የሰጠው ቃል

ዊንዶውስ በእንዲህ ያለ ጊዜ መዝገቡ ላይ ከርነል ፓወር 41 የተባለ ቃል ያሰፍራል። ትርጉሙ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና ተነሥቷል ማለት ነው። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «ሞቷል» ተብሎ እንደተሞላ የምስክር ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ መድኃኒት ፍለጋ ይዞራል፤ ቁጥሩ ግን የነገረው ስክሪኑ ሲጠቁር የታየውን ብቻ ነው።

ከመዝገቡ ይልቅ አጠፋፉ ይናገራል። ጌሙ እየዘገመ፣ ምስሉ እየተቆራረጠ የሚሄድ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሙቀት ሸሽቶ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ራም፣ ድራይቨር ወይም ያለ ልክ የተጫነ ፍጥነት ይጠረጠራል። ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ዴስክቶፑ ብቅ ካለ ዓይን ወደ ግራፊክስ ካርዱና ወደ ድራይቨሩ ይዞራል። ያለ ምንም መልእክት፣ መብራት እንደሄደ ሁሉ ድርግም ካለ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ከተጠርጣሪዎች ፊት ይቆማል።

እዚህ ላይ ጥናቱ አንድ የተለመደ እምነት ይነካል። ሙቀትና ድርግም ማለት ሁልጊዜ አባትና ልጅ አይደሉም። የዚህ ዘመን ፕሮሰሰር ሲግል መጀመሪያ ይዘገያል፤ ራሱን የሚያጠፋው መዘግየቱም ሳያድነው ሲቀር ነው። ስለዚህ አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ ሁለት በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ የሚያግለው አንዱ፣ የሚያጠፋው ሌላው።

የናሙናችን ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተጽፏል። ከሥሩ፣ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል፣ የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር እንደሆነ ተገልጿል። 12 በ18 ሲባዛ 216 ነው። ቀደም ሲል አንባቢ የያዘልን 88 እና 145 ሲደመሩ 233 ይሆናሉ፤ ሁለቱም በዋናነት የሚመገቡት ከዚሁ መስመር ነው፤ ዲስኩና ፋኖቹ ገና አልተቆጠሩም። ደብዳቤ ሲጻፍ ሁለቱም ስለሚያንቀላፉ ጉድለቱ አይታይም። ጂቲኤ ሲከፈት ሁለቱም ይነቃሉ፣ ሒሳቡም ይወራረዳል። ለዚህ ጉድለት የታዘዘው መድኃኒት ራም መጨመር እንደነበር ይታወስ።

የፕሮሰሰሩን ሙቀት በተመለከተ፣ ከፋብሪካ አብሮት የሚመጣው ማቀዝቀዣ ማዘርቦርዱን የሚይዘው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው። ከአራቱ አንዱ ሳይነክስ ሲቀር ማቀዝቀዣው በአንድ ወገን ብድግ ይላል፤ የሚታይ ነገር የለም፣ ሙቀቱ ግን ይተኮሳል። በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ተርማል ፔስትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። የደረቀውን በአልኮል ጠርጎ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ ማኖር ይበቃል። በዚህ ምትክ የጥርስ ሳሙና የቀቡ ተመራማሪዎች አሉ፤ ውጤቱ እስኪደርቅ ድረስ አጥጋቢ ነው፣ የሚደርቀውም ፈጥኖ ነው።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ለማረጋገጫ ፕራይም 95 የተባለው ፕሮግራም ይለቀቃል። ይህ ፕሮግራም በ1996 ለተጀመረው፣ ሜርሰን የሚባሉትን ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ለማደን ለሚደረገው ዘመቻ የተሠራ ነው። ፕሮሰሰሩን ያለ ርኅራኄ ስለሚያሠራ የማሰቃያ ፈተና ሆኖ ያገለግላል። መኪና ሰርቆ ለማምለጥ የተገዛ ማሽን ለንጹሕ ሒሳብ አንዳች አስተዋጽኦ ለማድረግ ከዚህ የቀረበበት ሰዓት የለም።

ዋናው ግኝት

የአራቱም ወገኖች አካሄድ ጎን ለጎን ሲታይ አንድ ሕግ ይወጣል። ሕክምናው የሚጀምረው ከማይመስለውና ብዙ ከሚያስወጣው ነው፤ የሚያበቃው በሚመስለውና ምንም በማያስወጣው ነው። ፎርማት ፎቶ ያስከፍላል፣ ራም ገንዘብ ያስከፍላል። ኬዙ ግን የተዘጋው በሁለት ብሎን ነው፣ የሚፈታውም በእጅ ነው። ባለቤቱ እነዚህን ሁለት ብሎኖች የሚያስታውሰው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ፎርማት ጥፋቱን የቫይረስ ያደርገዋል፣ ኬዙ ሲከፈት የሚገኘው አቧራ ግን የቤቱ ነው።

በዚህ መሃል አቅሙን አውቆ ሥራ ያቆመው ማሽኑ ብቻ ነበር፤ ለዚህም ተሰደበ።

ምክረ ሐሳብ

ሀ) ከማንኛውም ፎርማት በፊት ሁለቱ ብሎኖች ይፈቱ።

ለ) ሲነፋ ፋኑ በጣት ይያዝ፤ የማቀዝቀዣው አራት እግሮች አንድ በአንድ ይነኩ።

ሐ) ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ ትልቁ ጽሑፍ ታልፎ ትንሹ ይነበብ።

መ) ሙቀቱ የወረደለት ባለቤት በዚያው ማታ ግራፊክሱን «አልትራ» ላይ እንዳያደርግ ይመከራል። ያደርገዋል። ኢንዱስትሪው ራሱ የተረፈችውን ዲግሪ ሁሉ ወዲያው በፍጥነት እየመነዘረ እዚህ ስለደረሰ፣ በእሱ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ሠ) ኮምፒውተሩ ከብፌው ይውጣ፣ ዳንቴሉም ከአናቱ ይነሣ። የመጀመሪያው ክፍል በባለቤቱ ሥልጣን ሥር ነው። ሁለተኛው የእናትን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ካልተገኘ ማሽኑ ጋለም ጠፋም ዳንቴሉ ባለበት ይጸናል።